የሕንፃ ሃያ ሰባት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት በሽተኞች

በ2061 ዓ.ም. ኅዳር በገባ በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ የጨፌ ወንዝ ኮንዶሚኒየም የሕንፃ 27 ነዋሪዎች ከመካከላቸው የወፍ በሽታ የያዘው ሰው እንዳለ ከሽንት ቤታቸው ሰሙ።

ከሽንት ቤት መስማቱ አዲስ ነገር አልነበረም። ከምድር ቤቱ ሥር ያለው ማሽን የሕንፃውን ፍሳሽ ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ ያድርና ልክ አንድ ሰዓት ላይ ውጤቱን መግቢያው በር ላይ ባለው ሰሌዳ ይለጥፋል። በስምንት ዓመት ውስጥ ነዋሪዎቹ ጨው እንደሚያበዙ፣ አሥራ አንዳቸው ያለ መድኃኒት እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው፣ ሁለቱ ደግሞ በጾም ሥጋ እንደሚበሉ አውቀዋል። የአራተኛ ፎቁ መሐንዲስ ሚስቱ ማርገዟን የሰማው ሥራ ሊሄድ ሲወርድ፣ ጎረቤቶቹ «እንኳን ደስ ያለህ» ሲሉት ነው። ሚስቱ ገና ተኝታ ነበር። ሽማግሌ የሚልክ ቤተሰብም ከልጅቱ ዘር በፊት የሕንፃዋን የሦስት ወር ንባብ ይጠይቃል።

ሰዉ ለምዶታል። ሰው የማይለምደው የለም።

የሕንፃው የፍሳሽ ተጠሪ ወይዘሮ ሶሊያና ታምሩ ነበረች። ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ጡረታ የወጣች የጂኦግራፊ አስተማሪ ናት። ተጠሪ ሆና የተመረጠችው ስብሰባው ዕለት ለቅሶ ሄዳ ስለነበር ነው። ሥራዋ ቀላል ነው፤ በየማለዳው ከንባቡ ሥር ትፈርማለች።

ያን ቀን ከወትሮው መስመሮች በታች አንድ ቀይ መስመር ነበረ፤ «ሄፓታይተስ ኢ፦ ተገኝቷል። ሕንፃው በሃያ አንድ ቀን ውስጥ ምንጩን ያቅርብ።»

ሶሊያና ሁለት ጊዜ አንብባ ፈረመች። እስክሪብቶውን ከማንሳቷ በፊት የሰሌዳው መብራት ቀላ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሕንፃ 27 ሰው ሁሉ መታወቂያ በአውቶቡስ፣ በምግብ ቤትና በትምህርት ቤት በር ላይ ቀይ ይበራ ጀመር። ልጆች ከየትምህርት ቤቱ በር ተመለሱ። አንድ የባንክ ሠራተኛ ምሳውን መኪና ማቆሚያ ውስጥ በላ።

ቅዳሜ ደረጃው ላይ ስብሰባ ሆነ። የሦስተኛ ፎቋ ወይዘሮ ሃሴት፣ ድምፅዋ ከታች እስከ ላይ ያለ ማጉያ የሚደርስ ሴትዮ፣ የስልኳን መብራት አብርታ የእያንዳንዱን ሰው ዓይን ገልጣ አየች። ምድር ቤት ሲደርሱ ጋሽ ኢዮስያስ በራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የውሃ ቧንቧ ሲዘረጉ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ይኸው!» አለች ሃሴት። «ቢጫ ነው!»

«ይሄ ዓይን እኮ ከነቀለሙ ነው የተዳርኩበት» አሉ ጋሽ ኢዮስያስ። «ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ አንድ ቀን ተናግራኝ አታውቅም።»

ሰዉ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ። ሁሉም ወደ ሶሊያና ዞሩ። «ምንጭ» የተባለ ሰው የሚሰጥበት ማስረከቢያ ወረቀት ያለ ተጠሪ ፊርማ አይሠራም።

«ጋሼ…» አለች።

«ለሕንፃው ከሆነ እሄዳለሁ፣ ልጄ። ልብሴን ብቻ ልያዝ።»

ፈረመች። ነጭ መኪና መጥቶ ወደ መለያ ጣቢያ ወሰዳቸው። በሦስተኛው ቀን ደማቸው ንጹህ መሆኑ ታወቀ፤ ይሁን እንጂ ሕንፃቸው ገና ቀይ ስለሆነ መውጣት አልቻሉም። ሕንፃው ደግሞ እሳቸው ከሄዱ በኋላ ቀይነቱ ባሰ። የታማሚ ግምቱ ከስድስት ወደ አሥራ አራት ወጣ።

ሌላ ምንጭ ፍለጋ ተጀመረ። አንድ ተከራይ ተጠረጠረ፤ ቀጥሎ የተከራዩ እጮኛ፤ ቀጥሎ የአምስተኛ ፎቅ ሠራተኛ። ሁሉም ደማቸው ተመርምሮ ንጹህ ሆነው ተመለሱ። በመጨረሻ መላውን ያመጣችው ያችው ሃሴት ናት።

«ማሽኑ የሚያነበው የምንሰጠውን አይደል?» አለች። «ታዲያ ለምን እንሰጠዋለን?»

ከማግስቱ ጀምሮ የሕንፃ 27 ነዋሪ በገዛ ሽንት ቤቱ መጠቀም አቆመ። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በደረጃው የሚወርደው ሰው ጉዞ የንግሥ በዓል ይመስል ነበር። ግማሹ ወደ ገበያ ማዕከሉ ይሄዳል፣ ግማሹ ወደ መሥሪያ ቤቱ፤ እግሩ የደከመው ከመንገዱ ማዶ ካለው ሕንፃ 31 ዘመድ ይጠይቃል። ሰው በዚያ ሰሞን ዘመዱን እንደጠየቀ ጠይቆ አያውቅም።

ይህ ጉዞ በተጀመረ በአሥረኛው ቀን ንባቡ አረንጓዴ ሆነ። ከፍሳሽ ንባብ ጽሕፈት ቤት ማኅተም ያለው የምስጋና ወረቀት መጣ፤ ዳቦ ተቆረሰ። በዚያው ሳምንት ሕንፃ 31 ቀላ። የሕንፃ 27 ነዋሪዎች ሦስት ሰው ወክለው «አይዞአችሁ» አሏቸው።

አረንጓዴው በበራ በሦስተኛው ቀን የሶሊያና ልጅ አጸደ አስመለሳት።

አጸደ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የአያቶች ስም ዳግም በተወደደበት ዘመን የተወለደች ናት። ባሏ አፋር ውስጥ የጨው ፋብሪካ ስለሚሠራ፣ የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ ከመስከረም ጀምሮ መጥታለች። ስምንት ወሯ ነው። እግሯ አብጦ ስለነበር ከቤት አትወጣም፤ በማለዳው ጉዞም አልነበረችበትም፤ በባልዲ ትጠቀማለች፣ እናቷም ማለዳ ክዳኑን ገጥማ ይዛው ትወርዳለች። ሐኪም በቀን ሦስት ሊትር ውሃ እንድትጠጣ አዟት ስለነበር ትጠጣለች፤ እናቷም ከቧንቧ እየቀዳች ታቀርብላታለች።

«እማዬ፣ አፌን መረረኝ» አለች ያን ጠዋት።

ሶሊያና መጋረጃውን ገልጣ በቀን ብርሃን አየቻት። የዓይኗ ነጩ እንደ እንቁላል አስኳል ሆኗል።

ሆስፒታል ሲደርሱ የተቀበለቻቸው ነርስ ማንጠግቦሽ የምትባል ወጣት ናት። አንዴ አይታ ገባት። ወደ ኮምፒውተሯ ዞራ ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች።

«አልቀበል አለኝ» አለች።

«ምኑ?»

«የወፍ በሽታ ብዬ ስጽፍ አድራሻውን ያያል። ሕንፃችሁ አረንጓዴ ነው። ከአረንጓዴ ሕንፃ የወፍ በሽታ አይመጣም ይላል።»

«ዓይኗን እያየሽው!»

«እኔማ እያየሁት ነው እትዬ። እሱ ነው የማያየው።» ትንሽ አሰበች። ከዚያ «የእርግዝና ማስመለስ» ብላ መዘገበችና አጸደን ራሷ ደግፋ ወደ አልጋ ወሰደቻት።

ሐኪሙ ሶሊያናን ኮሪደር ላይ ነው ያናገራት። ይህ ቫይረስ ሌላውን ሰው አንገላትቶ እንደሚለቅ፣ በመጨረሻ ወሯ ያለችን ነፍሰ ጡር ግን ከአራት አንዷን ይዞ እንደሚሄድ ሳያለባብስ ነገራት። መድኃኒቱ መጠበቅ ነው አላት። ሶሊያና «ከአራት አንዷን» ብላ ደገመችለት፤ ተማሪ የሰጣትን መልስ እንደምታጣራ ዓይነት። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ።

ልብስ ለመያዝ ወደ ቤት ስትመለስ ጋሽ ኢዮስያስ በራቸው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሕንፃው አረንጓዴ ስለሆነ ያን ጠዋት ለቀዋቸዋል።

«ጋሼ፣ ፈርሜ ሰጠሁዎት» አለች፤ ሌላ ነገር ልትል አስባ ነበር።

«ምግቡ ደህና ነበር» አሉ። ከዚያ ፊቷን አዩ። «ምን ሆነሻል?»

እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነገረቻቸው።  ጋሽ ኢዮስያስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት፤ «ልጅቷ ከእናንተ የተለየ ምን ቀመሰች?»

«ምንም። የምንበላውን ነው የምትበላው። ውሃ ብቻ…»



«ምንጩን አቅርቡ ነው አይደል ያሉት?» አሉ ጋሽ ኢዮስያስ። «እኛ በልጅነታችን ምንጭ ሲባል ውሃ ነበር የምናውቀው። ሰው መሆኑን አሁን ነው የሰማሁት።»

ከዚያ አሳዩዋት። በበትራቸው ከሕንፃው ጀርባ ያለውን መሬት እየነካኩ ንጹሑ ቧንቧ በየት እንደሚገባ፣ ፍሳሹ በየት እንደሚወጣ ነገሯት። በሁለቱም ጊዜ በትራቸው ያረፈው እዚያው ቦታ ነው።

«በአንድ ቦይ?»

«በአንድ ቦይ። እኔ ነኝ የቀበርኩት። ‹ለጊዜው ነው› አሉን። ይኸው ሠላሳ ዓመቱ።»

ግን ማሽኑ ያን ያህል ዓመት እንዴት ሳያየው ቀረ? ጋሽ ኢዮስያስ ይህንንም ያውቁታል። የዕቃና የገላ እጣቢ በሌላ ቧንቧ ወደ አትክልት ቦታ ነው የሚሄደው። ሽንት ቤቱ የሚለቀቀው ከጣሪያ ላይ በሚጠራቀም የዝናብ ውሃ ነው። ወደ ማሽኑ የሚወርደው በሰው ሆድ ውስጥ ያለፈው ብቻ ነው። የቧንቧ ውሃን ራሱን ማሽኑ ቀምሶት አያውቅም። የመጠጥ ውሃ የሚመረምረው መሥሪያ ቤት ደግሞ ከሰባት ዓመት በፊት ተዘግቷል፤ የገባው መውጣቱ ስለማይቀር ሁለት ጊዜ ማንበብ ብክነት ነው ተብሎ።

በማግስቱ ሶሊያና አንድ ጠርሙስ የቧንቧ ውሃ ይዛ የፍሳሽ ንባብ ጽሕፈት ቤት ሄደች። የክፍል ኃላፊው አቶ ያፌት ትሑት ወጣት ነው። ቆሞ ተቀበላት፤ ወንበር ሳበላት፤ ሕንፃዋ አረንጓዴ በመሆኑም እንኳን ደስ ያለዎት አላት። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ግን እጁን ሰበሰበ።

«ምንድነው እናቴ?»

«የምንጠጣው ውሃ ነው። እንዲመረመርልኝ ነው።»

«ይቅርታ፣ እኛ የምንመረምረው ፍሳሽ ነው። ይሄ ንጹህ ውሃ ነው።»

«ንጹህ መሆኑን በምን አወቁ?»

«ፍሳሽ ስላልሆነ።»

«ልጄ ሆስፒታል ተኝታለች፣ አቶ ያፌት። ስምንት ወሯ ነው።»

ያፌት አዘነ፤ ማዘኑ የውሸት አልነበረም። መዝገቡን ከፍቶ የአጸደን ስም ፈለገ። «የእርግዝና ማስመለስ ይላል» አላት፤ ሊያጽናናት። «እግዚአብሔር ይማራት። የእኔም ባለቤት እንደዚሁ ነበረች።»

«ይሄ ውሃ ፍሳሽ እንዲባል ምን ይጎድለዋል?»

«በቧንቧችን ማለፍ ነዋ» አለ ያፌት፣ እንደ ቀልድ።

ሶሊያና ጠርሙሷን አንስታ አመሰገነችው። በዕድሜዋ ብዙ ተማሪ ሳያስበው ትክክለኛውን መልስ ሲሰጥ አይታለች።

ከአውቶቡስ እንደወረደች በቀጥታ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ የሃሴትን በር አንኳኳች። ጠብ ጠብቃ ነበር። ሃሴት ግን ሰምታ ስትጨርስ ወደ ማድ ቤቷ ዞራ ሳታፈላ ያስቀመጠችውን የልጅ ልጆቿን የውሃ ጆግ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«የጋሽ ኢዮስያስን ዓይን በመብራት ገልጬ…» አለችና አልጨረሰችውም። ነጠላዋን አነሳች። «ለመቼ ነው?»

«ለእሁድ።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሕንፃው የቧንቧውን ውሃ ሳያፈላ አልጠጣም። እሁድ ጠዋት ደግሞ ማንም ሰው፣ ሕፃን ቢሆን እንኳ፣ በሕንፃው ሽንት ቤት እንዳይጠቀም ሆነ። ሕፃናቱና አቅም ያጡት ሽማግሌዎች ወደ ዘመድ ተላኩ። የቀሩት በየቤታቸው ባልዲና ጀሪካን ደረደሩ። ጋሽ ኢዮስያስ መጀመሪያ ከጣሪያው የዝናብ ውሃውን በኃይል አስለቅቀው ቧንቧውን ለሁለት ሰዓት አሳጠቡ። ከዚያ «አሁን!» አሉ፤ ሃሴት ደረጃው መሐል ቆማ «አሁን!» ብላ እስከ ላይ አደረሰችው።

አርባ ስምንት ቤት ከማድ ቤቱ ቧንቧ እየቀዳ ሽንት ቤቱ ውስጥ መድፋት ጀመረ። በየፎቁ ውሃ ሲቀዳ፣ ውሃ ሲደፋ ዋለ። የአራተኛ ፎቁ መሐንዲስ ወገቡን ይዞ «ከዛሬ ጀምሮ የበረሃ ሰው ነኝ» አለ። አንዲት አሮጊት በማንኪያ ሲሆን ይበቃል ወይ ብለው ጠየቁ። ሶሊያና በየግማሽ ሰዓቱ ወደ ሆስፒታል ትደውላለች፤ ማንጠግቦሽ ሁልጊዜ «አልነቃችም፣ ትተነፍሳለች» ትላታለች። አጸደ ከዓርብ ከሰዓት ጀምሮ ሰው አታውቅም። ስልኩ ሲዘጋ ሶሊያና ባልዲዋን ታነሳለች።

ሰኞ አንድ ሰዓት ላይ ሰሌዳው በራ። ከሰሌዳው ፊት ሕንፃው በሙሉ ቆሟል።

«የተጠቃሚ ብዛት፦ 0። ሄፓታይተስ ኢ፦ ተገኝቷል። የታማሚ ግምት፦ 212።»

የሕንፃው ነዋሪ መቶ አርባ ሦስት ነው።

ሶሊያና እስክሪብቶዋን አውጥታ ፈረመች።

ከጽሕፈት ቤቱ ሰዎች የመጡት ቀትር ላይ ነው፤ ነጭ ለባሾች፣ በሁለት መኪና፣ አቶ ያፌት ከፊት ሆኖ። ትእዛዛቸው ግልጽ ነበር፤ በሕንፃው የተደበቁትን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት በሽተኞች መለየት። ቁም ሣጥን ከፈቱ። አልጋ ሥር አበሩ። አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የዝናብ ውሃ ታንከሩ ውስጥ «ማን አለ?» ሲል ድምፁ ተመልሶ መጣለት። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሲሆን ሁሉም ፎቅ ታስሶ አለቀና ያፌት ላብ በላብ ሆኖ ሶሊያና ቤት ሶፋው ላይ ተቀመጠ።

«እናቴ፣ የት ናቸው?» አለ።

«ማሽኑ የተጠቃሚ ብዛት ዜሮ ነው አላለም?»

«ብሏል።»

«ስለዚህ ማንም የለም።»

«ታዲያ በሽታው ከየት መጣ?»

ሶሊያና ተነሳች። ከቧንቧው አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድታ በትሪ አድርጋ፣ ለእንግዳ እንደሚገባ በሁለት እጇ አቀረበችለት።

«ደክሞዎታል። ይጠጡ።»

ያፌት ብርጭቆውን ተቀበለ። ውሃው ጥርት ያለ ነው። በር ላይ ነጭ ለባሾቹ ቆመው ያያሉ፤ ከኋላቸው ሃሴት፣ ጋሽ ኢዮስያስ፣ መሐንዲሱና ሚስቱ።

«ጾም ላይ ነኝ» አለ ያፌት ቀስ ብሎ።

«አሥር ሰዓት ሆኗል እኮ» አለች ሃሴት ከበሩ። «ቅዳሴው ወጥቷል።»

ያፌት ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳው። ከዚያ እንዳይፈስ ተጠንቅቆ ጠረጴዛው ላይ መለሰውና ስልኩን አወጣ። ለማን እንደደወለ አልታወቀም፤ የተሰማው «ቆፋሪ» የሚለው ቃል ብቻ ነው።

ቦዩ የተቆፈረው ማክሰኞ ነው። ሁለቱ ቧንቧዎች እንደ ባልና ሚስት ተቃቅፈው ተኝተዋል። የፍሳሹ ተሰንጥቋል፤ የንጹሑ ደግሞ ውሃ በጠፋ ሰዓት ከሥሩ ያለውን የሚስብበት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለው። ያ ቦይ ለሕንፃ 27 ብቻ የተዘረጋ አልነበረም። ከአሥራ ዘጠኝ እስከ አርባ ያሉት ሕንፃዎች በሙሉ ከዚያው ይጠጣሉ።

ሐሙስ ዕለት ለሶሊያና በአንድ ፖስታ ሁለት ደብዳቤ ደረሳት። አንደኛው ጽሕፈት ቤቱ በዘመናዊ የንባብ ሥርዓቱ የውሃ ብክለት ቀድሞ በመለየቱ ለነዋሪው የደስታ መግለጫ ያቀርባል። ሁለተኛው፣ ፍሳሽ ያልሆነ ነገር በፍሳሽ ቧንቧ በመልቀቅ ንባብ ያዛባችው ተጠሪ ከኃላፊነቷ ለአሥር ዓመት መታገዷን ያሳውቃል። ሁለቱም ላይ የፈረመው አቶ ያፌት ነው። በሁለተኛው ግርጌ፣ በእጅ ጽሑፍ፣ «ልጅዎ እንዴት ናት?» የሚል ተጨምሯል።

ሶሊያና ደብዳቤዎቹን ያነበበችው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነው። ረቡዕ ጠዋት ሐኪሞቹ ሕፃኗን በቀዶ ጥገና አውጥተዋታል፤ ሁለት ኪሎ የማትሞላ ሴት ልጅ ናት፣ በማሞቂያ ውስጥ ተኝታለች። አባቷ ከአፋር መጥቶ በመስታወቱ በኩል ሲያያት ይውላል። አጸደ ግን አልነቃችም ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዓይኗን ገለጠች። ዓይኗ ገና ቢጫ ነው። እናቷን አየች፣ ጣሪያውን አየች፣ እጇን ወደ ሆዷ ሰደደች።

«አለች» አለቻት ሶሊያና ቶሎ ብላ። «ሴት ናት። አባቷ አጠገቧ ነው። እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ የኔ ልጅ።» ከዚያ ልጇን ግንባሯን ስማ እዚያው ቆየች።

አጸደ ከንፈሯን አረጠበች። «እማዬ፣ ውሃ።»

ነርስ ማንጠግቦሽ ፈጥና ከጥጉ ቧንቧ በብርጭቆ ቀድታ መጣች። ሶሊያና እጇን ዘርግታ ብርጭቆውን መሐል ላይ ያዘችው።

«እትዬ፣ አይስጉ» አለች ማንጠግቦሽ። «እዚህ እኮ አረንጓዴ ነው።»

«አውቃለሁ፣ የኔ ቆንጆ» አለች ሶሊያና ከወንበሯ እየተነሳች። «ምድጃችሁ የት ነው ያለው?»